ሩብ ዙር

ሳንቃው አልጋዬ ሥር ነው። ወይራ ስለሆነ ይከብዳል፤ በበጋም ሲዳስሱት ይቀዘቅዛል። ከጫፉ ጀምሮ ሐረግ እየተጠላለፈ ይወርዳል፤ በሐረጉ መሀል መስቀል አለ። እስከ መስቀሉ ወገብ ድረስ እንከን አይወጣለትም። ወገቡ ላይ ሲደርስ ሥራው ሁሉ በአውራ ጣት ስፋት ወደ ቀኝ ይዘላል። ከዝላዩ በታች ያለውም አልተበላሸም። ሐረጉ ያው ሐረግ ነው፤ ጥልቀቱ ልክ ነው፤ የመስቀሉ እግር ቀጥ ብሎ ቆሟል። የቆመበት ቦታ ብቻ ነው የሱ ያልሆነው።

አባቴ አባዲ ያንን ሳንቃ ያበላሸው የገዛ እጁ እንደሆነ አምኖ ሞተ። እኔ ደግሞ አባቴን ያተረፍኩት እኔ እንደሆንኩ አምኜ አደግኩ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አምስት አባወራ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። አባዬ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፎቶ ኮፒና ፕሪንተር ይጠግናል። ከጥገና ያለፈውን መሥሪያ ቤቱ ሲያስወግድ እሱ በትከሻው ተሸክሞት ይመጣል። የጎረቤታችን የእትዬ ጀማነሽ ወንበር የግቢው በር አጠገብ ስለሆነች ደግሞ ማንም ሳይመረመር አያልፍም።

«አባዲ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ሬሳ ነው የተሸከምከው?»

«የሒሳብ ክፍሉን፣ እትዬ።»

«ነፍስ ይማር። ቀብሩ እዚሁ ግቢ ነው?»

«ቀብሩስ እዚያው ካዛንቺስ ነበር። እዚህ ትንሣኤው ነው።»

እትዬ ጀማነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። አባዬ ፕሪንተሩን እቤት አስገብቶ ሆዱን ይከፍተዋል። ከሁሉም ሆድ ውስጥ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የሻማ መቅረዝ የምታክል፣ አራት ባለ ቀለም ሽቦ የተንጠለጠለባት ሞተር።

ከዚህ ሁሉ በፊት አባዬ እንጨት ቀራፂ ነበር። እንደርታ ውስጥ ተወልዶ ባደገበት ገጠር አያቴ የቤተ ክርስቲያን በርና መስቀል ይቀርፁ ነበር፤ እሱም ከሳቸው ተምሯል። መሮዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ግድግዳችን ላይ ይሰቀላሉ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ ፍቅፋቂውን እሰበስብ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ከዚያ አንድ ጊዜ መቅረፅ ተወ። ለምን እንደተወ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ልጅ ትልልቅ ሰዎች የሚተውትን ነገር አይጠይቅም፤ የሚጀምሩትን ነው የሚጠይቀው።

የተጀመረው ከአገር ቤት ስድስት ሳንቃ በአውቶቡስ ሲመጣ ነው። በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ መጣ። አባዬ የተወለደበት ገጠር የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ፈርሳ እንደ አዲስ እየተሠራች ነበር፤ ሳንቃዎቹ የተቆረጡት ከአሮጌው ሕንፃ ምሰሶ ነው። ታቦቱ የሚያርፍበትን መንበር እንዲቀርፅላቸው አባዬን ለመኑት። የካቲት አሥራ ስድስት፣ በበዓሏ ቀን መድረስ አለበት። አባዬ እሺ አለ። እማዬ ያን ቀን በትግርኛ ብዙ ተናገረች። የቤታችን ከባድ ነገር ሁሉ የሚነገረው በትግርኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከትግርኛው የምሰማው ስለ ምግብና ስለ ቁጣ የሚባለውን ብቻ ነው። ያን ቀን ከሰማሁት የገባኝ አንድ ቃል ነው፤ እጅ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማሽኑ መሠራት ጀመረ።

ረዳቱ ዳግም ነው። ዳግም ከጎናችን ባለው ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ካዛንቺስ ኢንተርኔት ቤት የሚሠራ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። ሱሪው ሁልጊዜ ከወገቡ ይወርዳል፤ እትዬ ጀማነሽ ሁልጊዜ ከፍ አድርግ ትለዋለች። ፕሮግራሙን የሚያወርደው፣ ኮምፒውተሩን የሚያናግረው እሱ ነው። ኮምፒውተሩም ከመሥሪያ ቤቱ የተወገደ ነው። የበር መዝጊያ ጠረጴዛ ሆነ፤ የጽሕፈት ጠረጴዛ መሳቢያ ሐዲዶች ማሽኑ ወዲያና ወዲህ የሚሄድባቸው መንገዶች ሆኑ። እንጨቱን የሚበላው ቢላ መሀል ላይ ይንጠለጠላል። ሦስት ሞተር ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ ቢላውን ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወስድ።

«ይሄ ሞተር እንደ ሌላ ሞተር አይሮጥም» አለኝ አባዬ፣ አንዷን እጄ ላይ አስቀምጦ። «ይቆጥራል። ሁለት መቶ እርምጃ ሂድ ካልሽው ሁለት መቶ ቆጥሮ ይቆማል።»

«እየቆጠረ ያያል?»

«በምን ዓይኑ? ቁጥር ሰጥተውታል፣ ቁጥሩን ይጨርሳል። መንገድ ላይ ቢደናቀፍ እንኳ አያውቅም። ደርሻለሁ ብሎ ነው የሚያምነው።»

«ሞኝ ነው በለኛ።»

«አማኝ ነው» አለ ዳግም ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ሁለቱም ሳቁ።

የኔ ሥራ ሽቦዎቹን ማጣመር ነበር። ከአራቱ ሽቦ ሁለት ሁለቱ ጥንድ ናቸው፤ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ግን ቀለማቸው አይናገርም። አባዬ ዘዴውን አሳየኝ። የሁለት ሽቦ ጫፍ አገናኝተሽ ትይዣለሽ፤ በሌላ እጅሽ የሞተሩን ዘንግ ታዞሪያለሽ። ዝም ብሎ ከዞረ ባዕድ ናቸው። ዘንጉ ከጠነከረ፣ ጣትሽን ከታገለ፣ እህትማማች ናቸው። የመጀመሪያዋ ጥንድ ጣቴ ውስጥ ስትጠነክር የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያለ ዓይን የማየት ያህል ነበር።

አንድ ቀን ግን ተሳሳትኩ፤ ወይም ዳግም ሲገጥም አዛወረው። መብራቱ ሲለቀቅበት ሞተሩ አልዞረም። ባለበት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብሎኖች እስኪዘሉ ድረስ። አባዬ መዳፌን ይዞ ላዩ ላይ አስቀመጠው። የተያዘ ወፍ ይመስል ነበር። ሊሄድ ይፈልጋል፣ የትም አይሄድም።

«አየሽ? እንደኔ እጅ» አለ አባዬና ሳቀ።

ዳግም ሊስቅ ጀምሮ እማዬን አየና ሳቁን ዋጠው። እማዬ የተማሪዎቿን ደብተር ታርም ነበር፤ ብዕሯ ቆመ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሻይ ስንጠጣ የአባዬ ብርጭቆ ሳህኑ ላይ ቂል ቂል ቂል ሲል ሰማሁ። ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ወይም ሰምቼ አላዳመጥኩትም። ቀና ብዬ እጁን አየሁት፤ ልክ እንደ ሞተሩ ነበር። ሁለቱን ነገሮች አገናኝቼ ያዝኳቸው፤ ጣቴ ውስጥ ጠነከሩ። ጥንድ ናቸው አልኩ በልቤ። ከሞተሩ ወደ እጁ ተላልፎበታል።

ባለፈው ዓመት፣ ግቢያችን ሊፈርስ ነው ተብሎ ዕቃ ስንሸክፍ፣ የአባዬን የሕክምና ካርድ መሮዎቹ የነበሩበት ጨርቅ ውስጥ አገኘሁት። የነርቭ ሐኪም የጻፈው ነው። ቀኑ የመጀመሪያዋ ሞተር ቤታችን ከመግባቷ ሁለት ዓመት ይቀድማል። መቅረፅ የተወው በዚያ ወር ነበር። ማሽኑ መንቀጥቀጡን አላመጣውም፤ መንቀጥቀጡ ነው ማሽኑን ያመጣው።

ማሽኑ ካለቀ በኋላ የሞተሮቹን ጉልበት መለካት ቀረ። ለየሞተሩ መብራት በምታድል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ብሎን አለች። አባዬ መለኪያውን ይዞ ሁለት ቀን ሙሉ ከብሎኖቹ ጋር ሲታገል ሰነበተ።

«ይቺ ጉልበቱ ናት» አለኝ። «ወደ ቀኝ ስትዞር ይበረታል፣ ከመጠን ካለፈ ይቃጠላል። ወደ ግራ ስትዞር ይደክማል። ከደከመ ከባድ ነገር ሲገጥመው ይዘላል። መዝለሉን ደግሞ አይነግርሽም።»

ልኩን ሲያገኝ የእማዬን ቀይ የጥፍር ቀለም አስመጣ። በብሎኗና በሰሌዳዋ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመራል፤ ብሎኗ ብትነቃነቅ መስመሩ ይጣመማል፣ ይታወቃል። ብሩሿን አንስቶ ወደ ብሎኗ አስጠጋት፤ ትንሽ ቆየና ለኔ ሰጠኝ።

«አንቺ አስምሪው ጓለይ» አለኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለቱ ነው። « ያንቺ እጅ የረጋ ነው።»

ሦስቱንም አሰመርኩ። ዳግም ጎንበስ ብሎ አየና «ወይኔ ዮሂ፣ ሰርጀን ነሽ በቃ!» አለ። ኩራቴ ለሳምንት በቃኝ።

እሑድ ዕለት መሪጌታ ልዑልቃል መጡ። የአባዬ የአገር ልጅ ናቸው፤ መንበሩን ተረክበው የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። በአንዲት ጣውላ ላይ ሞከሩላቸው። ሞተሮቹ ሲሠሩ ይዘፍናሉ፤ ሲፈጥኑ ድምፃቸው ይቀጥናል፣ ሲያዘግሙ ይወፍራል። መሪጌታ ጆሯቸውን አዘንብለው «ይሄስ ዜማ ያውቃል» አሉ። ከዚያ የተቀረፀውን ዳሰሱ። ፊታቸው ከበድ አለ።

«አባዲ፣ አባትህ መንበር ሲቀርፁ እንዴት አድርገው ነበር?»

«አውቃለሁ፣ የኔታ።»

«ማሽን አይጾምማ!» አሉ መሪጌታ። ዳግም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ማሽን ዳቦ ሲበላ ታየኝ። እማዬ ወዲያው ለስላሳ ግዢ ብላ ላከችኝ።

ያኔ የተባለውን እማዬ የነገረችኝ ባለፈው ዓመት ነው፤ ካርዱን ይዤ ስጠይቃት። አያቴ መንበር የሚቀርፁ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምሱም ነበር። ከቤተሰቡ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የአሠራር ወግ ነው፤ ረሃቡ የሥራው አንድ ወገን ነው። እኔ ለስላሳ ልገዛ ስወጣ አባዬ ለመሪጌታ «ማሽኑ ይቀርፃል፣ እኔ እጾምለታለሁ» አላቸው። መሪጌታ ተው፣ ሕመምተኛ ነህ፣ ሲሉትም አልሰማ አለ። ክኒኑን በቀን ሦስት ጊዜ መዋጥ ነበረበት። ውኃ የማይቀምስ ሰው ክኒን አይውጥም።

ጥምቀት እንዳለፈ አባዬ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ሥራ ተጀመረ። ጊዜው ፍስክ ነው። ለልጅ ጾም ማለት ሁሉም ሰው የሚጾመው ጾም ነው፤ በፍስክ፣ እናት ሥጋ ወጥ ሠርታ፣ አባት አልበላም ካለ ታሟል ማለት ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ። ማሽኑ ይዘፍናል፤ አባዬ አጠገቡ ቆሟል። ከንፈሩ ደርቋል። ግንባሩ ላይ የወይራ ብናኝ ተለጥፏል። እማዬ ሳህኑን ይዛ ትመጣለች።

«ቆይ» ይላታል።

«አባዲ!»

«ቆይ አልኩሽ እኮ።»

ሳህኑን ይዛ ትመለሳለች። እጁን አየዋለሁ፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንስቶ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ኪሱም ይንቀጠቀጣል።

ቅዳሜና እሑድ ማሽኑ ያርፋል። በነዚያ ቀናት አባዬ ይበላል፤ ከእትዬ ጀማነሽ ጋር ይቀላለዳል፤ ብርጭቆውም ዝም ይላል። ሰኞ ማሽኑ ይነሳል፣ መንቀጥቀጡም ይነሳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተከታተልኩ። አንድም ቀን አልተሳሳተም። ዛሬ አዋቂ ሆኜ ያንን የልጅ ሂሳብ መልሼ ስመረምረው ስሕተት አላገኝበትም። እንዳየሁት ነው የቆጠርኩት። ያላየሁት ጓዳ ውስጥ ያለውን የክኒን ጠርሙስ ብቻ ነው።

እትዬ ጀማነሽ አንድ ቀን በር ላይ እማዬን በስሟ ጠርታ ስታወራት ሰማኋት። «መድኃኒት፣ ባልሽ በዚህ ከቀጠለ ፋሲካን አያያትም። ፊቱን አይተሽዋል?» እማዬ አለቀሰች።

አምስተኛው ሳንቃ አርብ ዕለት አለቀ። ያን ቀን ማምሻውን አባዬ የሰሌዳዎቹን የሽቦ ማሰሪያዎች በትንሿ ካቻቢቴ ሲያጠባብቅ አየሁት፤ ካቻቢቴው እየሸሸው ሁለት ሦስቴ ሰሌዳዋን ጫረ። የቀረው አንድ ሳንቃ ነው፤ የፊት ለፊቱ፣ መስቀል ያለበት። ሰኞ ይጀመራል።

ቅዳሜ ከሰዓት አባዬ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እማዬ ቧንቧ ዘንድ ልብስ ታጥባለች። ካቻቢቴውን አነሳሁ።

ላበላሸው አልፈለግኩም። ይህን ደጋግሜ ብናገረው ደስ ይለኛል። ሳንቃው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማሽኑ ሥራውን እንዲጨርስ እፈልጋለሁ። ያሰብኩት ጉልበቱን ትንሽ ልቀንስለት፣ ከዚያ ወደ አባዬ የሚተላለፈውም ይቀንሳል ብዬ ነው። ቢላውን ወደ ጎን የሚወስደው ሞተር ከሁሉም በላይ የሚዘፍነው ስለሆነ የሱን ብሎን መረጥኩ። ትንፋሼን ይዤ ወደ ግራ አዞርኳት። ራሴ ያሰመርኩት ቀይ መስመር ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ግማሽ ባለበት ቀረ፣ ሌላው ልክ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ። ሩብ ዙር። ለመድኃኒት ያህል ሩብ ይበቃል አልኩ። ለኔ የሚሰጠኝ የሳል ክኒንም ሁልጊዜ ሩብ ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመጣ ማሽኑ ከግማሽ በላይ ሄዷል። አባዬ ብቻውን ነበር። መጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ቢላው መስቀሉ ወገብ ላይ ደረሰ። ወይራው እዚያ ቦታ ላይ ድሮ ቅርንጫፍ የበቀለበት ጥቁር፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ዓይን ነበረው። ሞተሩ አቃሰተ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማን፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ዜማውን ቀጠለ። አውራ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ተዛንፎ።

ማጥፊያው አባዬ እጅ አጠገብ ነበር። አላጠፋውም።

«አባዬ፣ እኮ ተሳሳተ!»

«አይቻለሁ።»

«አታጠፋውም?»

«ይጨርስ» አለ። ድምፁ ጨርሶ አልተለወጠም። «አያውቅም እኮ። ደርሻለሁ ብሎ ነው።»

እስኪያልቅ ድረስ ቆመን አየነው። አንድ ሰዓት ያህል ሳይፈጅ አልቀረም። ሲያልቅ ቢላው ተነሳ፤ ወደ መነሻው የተመለሰ መስሎት ከመነሻው ጎን ቆመ።

ዳግም ሲመጣ ሰሌዳዎቹን ፈተሹ። ቀዩን መስመር አዩት። አባዬ ወደኔ መጥቶ ተንበረከከ፤ ዓይኑ ከዓይኔ ትይዩ ሆነ። ከአፉ የባዶ ሆድ ሽታ ይመጣ ነበር።

«ጓለይ፣ ይቺን ብሎን ነክተሻታል?»

ብነግረው ይመልሳታል። ከመለሳት መንቀጥቀጡ ይመለሳል። ስለዚህ አልፈራሁም፤ ዓይኔንም አልሰበርኩም።

«አልነካሁም።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ «እሺ» አለና ራሴን ዳበሰኝ።

ከእማዬ ጋር ወደ ውጭ ወጣሁ። ከበሩ ጀርባ ዳግም ዝግ ብሎ የሚናገረው አይሰማም ነበር። የተሰማው የአባዬ ድምፅ ነው። አባዬ ጮኾ አያውቅም፤ ያን ቀን ጮኸ። እትዬ ጀማነሽ ከወንበሯ ተነሳች። ዳግም ከቤታችን ወጥቶ ማንንም ሳያይ በግቢው በር አለፈ፤ ሱሪህን ከፍ አድርግ ያለውም አልነበረም። በወሩ ቤቱን ለቆ ሄደ። ማሽኑ ስለተበላሸ ሥራ አጥቶ የሄደ ነበር የመሰለኝ።

ስንመለስ አባዬ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀመጠ። ሰዓቱ ስምንት እንኳ አልሞላም።

«መድኃኒት፣ የሚበላ ስጪኝ።»

እማዬ አቀረበችለት። እሱ ሲጎርስ እሷ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። ከደስታ ነው አልኩ። በነጋታውም በላ፣ በሦስተኛውም ቀን። በሳምንቱ የሻይ ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነበርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ መልካም ሥራ አይወራም ብለው ያስተማሩን እነሱ ናቸው። አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ግን እስቅ ነበር።

መሪጌታ ልዑልቃል አምስቱን ሳንቃ ወሰዱ። ለስድስተኛው ከዚሁ ጣውላ ተገዝቶ ሳይቀረፅ ባዶውን ተገጠመ ሲሉ ሰማሁ። መንበሩ ዛሬ ይኑር አይኑር አላውቅም። በጦርነቱ ስልክ ተቋርጦ ከከረመ በኋላ የጠየቅነው ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የነገረን።

አባዬ ማሽኑን ፈታታው። መሮዎቹን ለአገሩ ሰው ሰጠ፤ ጨርቁን ብቻ አስቀረ። ፈቃዱ ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱን ከጥገና አውጥታችሁ ንብረት ክፍል አድርጉኝ ብሎ ለመነ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው የወንበርና የጠረጴዛ ቁጥር መጻፍ ሆነ። እቤት አምፖል ሲቃጠል እንኳ «ሰው ጥሩ» ይላል። አራት ዓመት እንዲህ ኖረ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እማዬ ደረቷን እየመታች «እጁ የከዳው፣ እጁን ያጣው» እያለች ስታለቅስለት እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያነባ እኔ አላነባሁም። ይህን አራት ዓመት የሰጠሁት እኔ ነኝ እያልኩ ነበር።

ከካርዱ በኋላ፣ እማዬ ስለ ጾሙ ከነገረችኝ በኋላ፣ ብዙ ቀን ምንም አልሠራሁም። ከዚያ ሳንቃውን በጨርቅ ጠቅልዬ ዳግምን ፍለጋ ሄድኩ።

ዳግም ወሎ ሰፈር ሱቅ ከፍቷል። የሱቆች ማስታወቂያ በማሽን ይቆርጣል፤ ማሽኑ ተገጣጥሞ የመጣ፣ በር እንደ ማቀዝቀዣ የሚዘጋለት ነው። ጸጉሩ መሀል ለመሀል ሳስቷል። ሱሪውን በቀበቶ አጥብቋል። ሳንቃውን ጠረጴዛው ላይ ስፈታው ጣቱን ዝላዩ ላይ አሳረፈ። ሠራተኛዋን ሻይ አምጪልን ብሎ ላካት።

«ዮሂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር። ማለቴ፣ ቆይቷል፣ ካልፈለግሽ በቃ…»

«ነክቼዋለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። የጠበቀው ነገር ነበር፤ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በየት በኩል?»

«ወደ ግራ።»

«ስንት?»

«ሩብ ዙር።»

«ልክ ሩብ» አለ። «ቀይዋ መስመር ግድግዳውን ነበር የምታየው፣ ትዝ ይለኛል። ‹ጋሼ፣ ካቻቢቴ ሸርተት ብሎበት የሚነካ እጅ እንዲህ አስተካክሎ አያቆማትም፤ ይሄ የረጋ እጅ ነው› አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«ጎንበስ ብሎ አያት። ብዙ አያት። ከዚያ ‹ዮሃና አልነካሁም ብላለች› አለኝ። ‹ጋሼ፣ ልጅ እኮ ናት፣ ልጅ ይዋሻል› ስለው ጮኸብኝ። ‹ልጄ አልነካሁም ካለች የነካው እጄ ነው! ከቤቴ ውጣ!› አለኝ።» ዳግም ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት አልገባሁም። ቀብሩ ላይ እንኳ ከኋላ ነው የቆምኩት።»

ሻዩ መጣ። አልጠጣነውም። ዳግም ዝላዩን በሙጫና በወይራ ብናኝ ሞልቶ እንደገና ሊቆርጥልኝ እንደሚችል ነገረኝ፤ ፋይሉ እስከ ዛሬ አለው። እንዳትነካው አልኩት።

በታክሲ ስመለስ ሳንቃው ጉልበቴ ላይ ነበር። አባቴ ያን ቀን ከሁለት አንዱን ማመን ነበረበት፤ የኔን ቃል ወይም የገዛ እጁን። ለሠላሳ ዓመት እንጨት የቀረፀበትን፣ ያን ሁሉ ሞተር የፈታበትን እጅ በአንድ ቃሌ ጣለው። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ሞተ።

አሁን የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። እማዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ በቀይ ብዕር የፈተና ወረቀት ታርም ነበር። ሳንቃውን ስታይ መነጽሯን አወለቀች።

«ደግሞ ይሄን ነገር የት ይዘሽው ዞርሽ? ተይው ልጄ። እጁ ነው የከዳው፤ ምን ይደረጋል።»

ሳንቃውን ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጥኩት። ፊቷ ተንበረከክኩ፤ ዓይኔ ከዓይኗ ትይዩ ሆነ።

«እማዬ» አልኳት። «የአባዬ እጅ አልነበረም።»